ስለ ብየዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከማሽን ግዢ እስከ ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ ፈተና)

ብየዳ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚጠይቀው ሁሌም አንድ ነው፤ "ማሽኑ ስንት አምፔር ነው?" ስለ ልኬት፣ ስለ ጽዳት፣ ስለ ማስክ የሚጠይቅ ብዙ የለም። እኔ ግን የጀማሪ ችግር አብዛኛው ከማሽኑ አይደለም ባይ ነኝ። ብረቱ ሳይጸዳ፣ ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም፣ ክርን ሳይደገፍ ሥራ ይጀመርና ጥፋቱ ለማሽኑ ይሰጣል። እዚህ የሰበሰብኳቸው በብዛት የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የማወራው በዋናነት ስለ ኤሌክትሮድ ብየዳ ነው፣ ልባስ ያለው የብረት ዘንግ እየቀለጠ ብረት ከብረት ስለሚያያይዝበት፤ እኛ አገር በሩም፣ መስኮቱም፣ አጥሩም፣ የጣራው ብረትም የሚሠራው ባብዛኛው በሱ ስለሆነ።

ገና ልጀምር ነው። ምን ዓይነት ማሽን ልግዛ?

ኢንቨርተር፣ ማለት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚሠራው ቀላሉ ማሽን። ትከሻህ ላይ አንጠልጥለህ ፎቅ ትወጣበታለህ፣ መብራት ቆጣቢ ነው፣ እሳቱም የተረጋጋ ነው። የድሮው ትራንስፎርመርም ክብሩ አይነካ። እሱን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል እንጂ አቧራና የመብራት መዋዠቅ ቶሎ አይገድለውም፣ ቢቃጠልም ጠምዛዥ ጋ ወስደህ መዳቡን ታስጠመጥመዋለህ። ኢንቨርተር ሲቃጠል የሚሄደው ቦርዱ ነው፣ ቦርድ በደንብ የሚጠግን ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጎኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ግን እንዳትሸወድ። 250፣ 300 ተብሎ ተለጥፎ ውስጡ ያን የማያህል ሞልቷል። መታየት ያለበት ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለችው ትንሿ ሠንጠረዥ ናት። እዚያ ላይ "160 አምፔር፣ 60 በመቶ" የሚል ካለ፣ በ160 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን መበየድ ትችላለህ፣ 4ቱን ማሽኑ ያርፋል ማለት ነው። 20 በመቶ ካለች 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ሠንጠረዧ ጭራሽ ከሌለች ማሽኑን እዚያው ተወው።

ሻጭ የማይነግርህ አንድ ነገር አለ። ያ ቁጥር የሚሰጠው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃንማ ጭራሽ ከ2800ም ታልፋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ 60 በመቶ የተባለው እዚህ 60 አይሞላም፣ ማሽኑ መጋሉን የምትናገረው ቢጫ መብራት ቶሎ ቶሎ ትበራለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የምትሠራው በ120 አምፔር ከሆነ 200 በእውነት የሚችል ግዛ፣ አቧራውንም በየጊዜው በኮምፕረሰር አስነፋ።

የመጀመሪያ ብርህን ሁሉ ግን ማሽን ላይ አትጨርስ። ደህና ማስክና ደህና ግራይንደር ይቅደሙ።

ጄኔሬተሬ 3 ኪሎዋት ነው። ብየዳ ማሽኔ ለምን አብሮት አይሠራም?

እስቲ እናስላው። 2.5 ሚሊ ውፍረት ባለው ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር ስትበይድ እሳቱ ላይ ያለው ቮልት 23 ገደማ ነው። 80 በ23 ሲባዛ 1840 ዋት። ማሽኑ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ከጄኔሬተሩ የሚስበው 2300 ዋት አካባቢ ይደርሳል፣ ርካሽ ኢንቨርተር ደግሞ ከዚያም በላይ ጅረት ይጎትታል። ጄኔሬተሩ በበኩሉ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል፣ አዲስ አበባ ላይ ሲደመር ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። 3 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛው የሚሰጥህ 2 ኪሎዋት ከምናምን ነው። ለ2.5 ኤሌክትሮድ ከ5፣ ለ3.2 ደግሞ ከ7 ኪሎዋት በታች አትመኝ።

ከቆጣሪ ስትስብም ገመድህን እይ። ቀጭን ገመድ 30 ሜትር ወስደህ "ማሽኑ ደከመ" አትበል፣ የደከመው ቮልቱ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ዝቅተኛው ነው፣ ርቀቱ ሲረዝም 4 ካሬ። የተጠቀለለ ገመድም ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ እርስ በርሱ ይሞቅና ላስቲኩ ይቀልጣል።

6013 ነው 7018 የሚሻለው?

ሁለቱም የኤሌክትሮድ ዓይነት ናቸው፤ ግን ለምን ሥራ? ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአጥርና ለቀጭን ብረት 6013። በቀላሉ ይነሳል፣ ብየዳው ላይ የሚጋገረው ቅርፊት በቀላሉ ይለቃል፣ መልኩም ያምራል። ሸክም ለሚሸከም ነገር፣ ለወፍራም አንግል፣ ለተጎታች ሻንሲ፣ ለአምድ ደግሞ 7018። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ጥንካሬውን ነው የሚናገሩት፤ 60 ማለት በካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ፣ 70 ማለት 70 ሺህ። ግን ልዩነቱ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። 7018 ልባሱ ሃይድሮጅን የሚቀንስ ስለሆነ ብየዳው ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ የመሰንጠቅ ዕድሉ ያነሰ ነው።

ይህ የሚሠራው ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ፓኮው በሰኔ ተከፍቶ እስከ መስከረም መደርደሪያ ላይ የቆየ 7018፣ 7018 መሆኑ በስም ብቻ ነው። እርጥበት ጠጥቷል። መልሶ ለማድረቅ 350 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ የቤት ኦቨን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ለከባድ ሥራ አዲስ ፓኮ ክፈት፣ የተረፈውን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጣሳ አስቀምጥ። 6013 ይህን ያህል አይቀናጣም፤ ከረጠበ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ትንሽ ማሞቅ ይበቃዋል፣ ከመጠን በላይ ማድረቅ ግን እሱንም ይጎዳዋል።

7018 ሲቋረጥ ጫፉ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ይጋግራል። እንደገና ከመጀመርህ በፊት ብረት ላይ ጠቅ አድርገህ አራግፈው። ገመዱን ደግሞ ኤሌክትሮድ መያዣው ፖዘቲቭ ላይ እንዲሆን አድርገህ ሰካ።

አምፔሩን ስንት ላድርገው?

ለመነሻ፣ የኤሌክትሮዱን ውፍረት በ30 እስከ 40 አባዛው። 2.5 ከሆነ ከ75 እስከ 100፣ 3.2 ከሆነ ከ95 እስከ 130። ቀጭን ብረት ላይ ከዚህም ትወርዳለህ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ተወውና ጆሮህን ስጥ። ልክ ሲሆን ጥብስ ምጣድ ላይ ሲንጫጫ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው፣ ሳይቆራረጥ። ሲያንስ ይንተባተባል፣ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ብየዳው ብረቱ ላይ ጉብ ብሎ ይቀራል። ሲበዛ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ጠርዙን በልቶት ጎድጎድ ያደርገዋል፣ ኤሌክትሮዱም ግማሹ ላይ ሲደርስ ግሎ ቀይ ይሆናል።

የማሽኑን ዲጂታል ቁጥር እንደ ቃለ መሐላ አትመነው። በአንዱ ማሽን 80 የሚለው በሌላው 95 ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አስቸገረኝ።

መጀመሪያ ኧርዙን፣ ማለት በክላምፕ ብረቱን የሚነክሰውን ገመድ፣ እይ። አብዛኛው ሰው ክላምፑን ቀለም ወይም ዝገት ላይ ይነክስና ማሽኑን ይረግማል። ያቺን ቦታ በግራይንደር አብራት። ከዚያ የኤሌክትሮዱ ጫፍ ልባሱ ተቆርሶ እንደሆነ፣ ረጥቦ እንደሆነ፣ አምፔሩ አንሶ እንደሆነ እይ። ሁሉም ደህና ከሆነ የቀረው እጅህ ነው። ጫፉን ጫር አድርገህ ወዲያው ከፍ አድርገው፤ ከፍታው ከኤሌክትሮዱ ውፍረት አይብለጥ። ከፍ ባደረግኸው ቁጥር እሳቱ ይሰፋል፣ አየር ይገባበታል፣ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ከተጣበቀ ጠምዘዝ አድርገህ ንቀለው። እምቢ ካለ መያዣውን ተጭነህ ኤሌክትሮዱን ልቀቀው፤ ማስኩን ሳታነሳ።

ቀጭን ቱቦላሬ ስበይድ ይበሳብኛል። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ይህ ነው፣ እውነትም ከባዱ ይህ ነው። 10 ሚሊ ወፍራም ላሜራ መበየድ ከ1.2 ቱቦላሬ ይቀላል።

መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። 1.5 ተብሎ የተገዛ ቱቦላሬ በካሊፐር ሲለካ 1.2 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ወደ መርካቶ ስትሄድ ካሊፐር ኪስህ ውስጥ ይኑር።

ሁለተኛው ክፍተት ነው። ሁለቱ ጫፎች መካከል ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት ካለ፣ እዚያ ላይ ንጉሥ የሆነ በያጅም ይበሳበታል። መልሰህ ቁረጠው፣ ሞርደው፣ ይግጠም። ክፍተቱን በኤሌክትሮድ ሽቦ ወይም በፌሮ ቁራጭ ጠቅጥቆ ከላይ መሸፈን የተለመደ ነው። አጥር ላይ ያልፍ ይሆናል፤ ደረጃ ወይም በረንዳ ላይ ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

አሁን ብየዳው። 2.5 ወይም ካገኘህ 2.0 ኤሌክትሮድ። ለ2.5ቱ ከ50 እስከ 65 አምፔር ሞክር። ማሽንህ ዲሲ ከሆነ መያዣውን ኔጋቲቭ ላይ ሰካውና 6013 ተጠቀም፣ ወደ ብረቱ የሚገባው ጥልቀት ይቀንሳል። የቆመ መገጣጠሚያ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ውረድ፣ ፈጠን ብለህ። ወፍራም ብረት ላይ ወደ ታች መበየድ ከላይ ብቻ የተለጠፈ ብየዳ ይሰጥሃል፣ ቀጭን ላይ ግን የምትፈልገው እሱን ነው።

አንድ ወጥ መስመር ለመሳብ አትሞክር። ትንሽ ነጥብ ጣል፣ አንሳ፣ በማስኩ ውስጥ ቅላቱ ሲደበዝዝ እይ፣ ከዚያ ግማሹን ደርበህ የሚቀጥለውን ጣል። ቅላቱ ሳይደበዝዝ ከቸኮልክ ትበሳለህ፣ ጥቁር እስኪሆን ከጠበቅክ ደግሞ ቅርፊቱ መሐል ይቀበራል። የዚህ ሥራ ሙያው ያለው እዚያች ቅላት ላይ ነው። ወፍራምና ቀጭን የምታገናኝ ከሆነ እሳቱን ወፍራሙ ላይ አድርገህ ቀጭኑን ጠርዙን ብቻ አስነካው።

ከተበሳ፣ አትደንግጥ። አቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ ቅርፊቱን አራግፍ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ነጥብ በነጥብ እየዘጋህ ግባ። ከኋላው መዳብ ቁራጭ ማስደገፍ ከቻልክ በጣም ይረዳል፣ ብየዳው መዳብ ላይ አይያዝም።

በሩን አሳምሬ በየድኩት፤ ከጠረጴዛው ሳነሳው ተጣሞ አገኘሁት። ምን ነካው?

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይዞ ይጎትታል። መጎተቱን ማስቀረት አትችልም። የምትችለው ሁለት ጎታች እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረግ ነው።

90 በ210 ሴንቲ የሆነ ፍሬም እንውሰድ። አራቱን በ45 ዲግሪ ቆርጠህ ደልዳላ ቦታ ላይ አስተኛቸው። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) ይዘህ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ነጥብ ብቻ፣ አንዱ ከውስጥ ጥግ፣ አንዱ ከውጭ። አሁን ሜትር አውጣና ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለካ። ሁለቱም 228 ሴንቲ ተኩል አካባቢ መምጣት አለባቸው። አንዱ 229፣ ሌላው 228 ከሆነ ፍሬሙ ተንጋዷል፤ በረጅሙ በኩል ያለውን ጥግ በመዶሻ ወደ ውስጥ መታ መታ አድርገው፣ ነጥቦቹ ጥቂት ስለሆኑ እሺ ይላሉ። ስኳድራ ብቻ የሚያምኑ ልጆች ያበላሹት በር ብዙ ነው፤ ስኳድራው አጭር ነው፣ በሩ ረጅም ነው።

ልኩ ከመጣ በኋላ አንድ ቁራጭ አንግል ሰያፍ አድርገህ በነጥብ ያዘው፣ በኋላ ትቆርጠዋለህ። ከዚያ አንዱን ማዕዘን በይደህ ስትጨርስ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሂድ እንጂ አጠገቡ ወዳለው አትሂድ። ገልብጠውና በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ድገመው። ላሜራውን ስታለብስ ዙሪያውን አትዝጋው። 2 ሴንቲ ብየዳ፣ 15 ሴንቲ ባዶ፣ ከመሐል ጀምረህ ወደ ጥግ። ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ የበየደ ሰው ላሜራው ሆዱ ተነፍቶ ሲጫኑት "ዷ" የሚል በር ነው የሚያስረክበው፣ ደንበኛ ደግሞ ያንን ድምፅ ይጠላል።

ብየዳ ዓይኔን መታኝ። ድንች ልለጥፍበት?

የተመታው የዓይን የላይኛው ስስ ሽፋን ነው፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተቃጥሎ። ሲመታህ አይታወቅህም፤ ማታ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረው። ባብዛኛው በ1 ወይም በ2 ቀን ራሱ ይድናል። ድንቹ ቅዝቃዜው ያስታግስህ ይሆናል እንጂ መድኃኒት አይደለም፣ ያልታጠበ ነገር ቆስሎ ባለ ዓይን ላይ ማድረግ ደግሞ ኢንፌክሽን መጥራት ነው። ወተት መጨመርም እንደዚያው። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረህ የተዘጋ ዓይንህ ላይ አድርግ፣ ጨለማ ቦታ አረፍ በል፣ የማስታገሻ ክኒን ይረዳሃል። ከ2 ቀን ካለፈ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ዓይን ሐኪም ጋ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ከጓደኛ ተውሰህ እየጨመርክ ሥራ አትቀጥል፤ ሕመሙ ይጠፋል እንጂ ቁስሉ እየባሰ ነው የሚሄደው።

የፀሐይ መነጽር አድርጎ መበየድ ከምን የመጣ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን በየመንደሩ አለ። ለተለመደው ሥራ የማስኩ መስታወት ቁጥር 10 ወይም 11 መሆን አለበት። የፀሐይ መነጽር ለዚያ እሳት አጠገቡም አይደርስም፣ ፊትህንና አንገትህንም ሜዳ ላይ ይተዋቸዋል። መንገድ ዳር የምትሠራ ከሆነ ደግሞ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ከልል። ልጆች ብልጭታውን ሲያዩ ይሰበሰባሉ፣ የነሱን ዓይን የሚጠብቅላቸው የለም።

ጋልቫናይዝድ ከመበየዴ በፊት ወተት ብጠጣ ይከላከልልኛል?

አይከላከልም። ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ወተቱ የሚገባው ሆድ ውስጥ። ሁለቱ አይገናኙም። ወተት ምግብ ነው፣ ጠጣው፣ ግን እንደ ማስክ አትቁጠረው።

ጋልቫናይዝድ ላይ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ብረት ደግሞ የሚቀልጠው ከ1500 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያንን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ባብዛኛው በማግስቱ ይለቃል፣ "ጉንፋን ነበር" ተብሎም ይታለፋል። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሴንቲ በግራይንደር ገፈህ አውጣው፣ ነፋሱ ከጎንህ እንዲመጣ ሆነህ ቁም፣ ለብረት ጭስ የሚሆን የአፍና አፍንጫ ማስክ አድርግ፣ የጨርቁ አይሆንም። ስትጨርስ የገፈፍከውን ቦታ ዚንክ ባለው ቀለም ሸፍን፣ አለዚያ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል።

ተራ ብረት ቢሆንም ጭሱ ቀላል አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል።

ባዶ በርሜል ቁረጥልኝ ብለው አመጡልኝ። ችግር አለው?

ምን ነበረበት? ነዳጅ፣ ዘይት፣ ቀለም፣ ቲነር ወይም "አላውቅም" ካሉህ አትንካው። ባዶ የሚመስለው በርሜል ከሞላው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሏል። አፉ መከፈቱ ዋስትና አይደለም። በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ታጥቦ፣ ከዚያ እስከምትቆርጥበት ቦታ ድረስ ውሃ ተሞልቶ፣ ትነቱ መውጫ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚሠራው። የመኪና ነዳጅ ታንከር ከሆነ ይህን ሥራ ብሎ ለያዘ ሰው ላከው።

ትልቅ ዲስክ ትንሿ ግራይንደር ላይ ብገጥመው ምን ይሆናል?

ይፈነዳል፣ ወይም እስኪፈነዳ ትጠብቃለህ። ትንሿ ባለ 115 ግራይንደር በደቂቃ 11 ሺህ ጊዜ አካባቢ ነው የምትዞረው። ባለ 230 ዲስክ ላይ የተጻፈው ጣሪያ ደግሞ 6600 አካባቢ ነው። መከላከያዋን ነቅሎ ትልቁን የሚገጥም ሰው ዲስኩን ከተሠራለት ፍጥነት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያዞረዋል። ቁራጩ ሲወነጨፍ ፊትና አንገት ነው የሚያገኘው። በመቁረጫ ዲስክ በጎኑ መሞረድም ያው ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። መከላከያዋን አትንቀላት፣ መነጽር አድርግ። አለቀ።

ወደ ሚግ ወይም ቲግ መቼ ልሂድ?

ሚግ ሽቦው ራሱ እየወጣ የሚበይድ፣ ቲግ ደግሞ እሳቱ ከማይቀልጥ መርፌ የሚነሳበት ማሽን ነው፤ ባብዛኛው በጋዝ ይሠራሉ። መቼ? ሥራው ሲጠራህ። በቀን ሙሉ ተመሳሳይ ወንበርና አልጋ የምትሠራ ከሆነ ሚግ ፍጥነት ይሰጥሃል። ከቤት ውጭ ግን ትንሽ ነፋስ ጋዙን ይወስደውና ብየዳው ወንፊት ይሆናል። ጋዝ የማይፈልገው ሽቦ አለ፣ እሱን ስትጠቀም ቶርቹን ኔጋቲቭ ላይ ማዞር አትርሳ። ተራውን ሽቦ ከጋዝ ጋር ከሆነ ፖዘቲቭ ላይ ነው። ሳይዞር ቀርቶ ፍንጣሪ በፍንጣሪ ሆኖ "ማሽኑ አይረባም" የተባለ ብዙ አለ።

ቲግ ለስቴንለስና ለአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሲ ያለው ማሽን ይፈልጋል፣ ዲሲ ብቻ የሆነውን ገዝተህ እንዳትቆጭ።

እጄን ለማፍታታት እንዴት ልለማመድ?

ደንበኛ ሥራ ላይ አይደለም። ቁርጥራጭ ሰብስብ፣ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ይሻላል። ማሽኑን ሳትከፍት ኤሌክትሮዱን ይዘህ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂድበት፤ የት ላይ ገመዱ እንደሚይዝህ፣ የት ላይ ክርንህ እንደሚንጠለጠል ያኔ ታውቀዋለህ። ክርንህን ወይም የሁለተኛ እጅህን ጣት አስደግፍ።

ከዚያ ብርሃኑን ሳይሆን ከሱ ኋላ ያለውን ፈሳሽ ማየት ልመድ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ነው የሚመስለው። ትኩር ብለህ ስታይ ሁለት ነገር ታያለህ፤ ከፊት ጥርት ብሎ የሚንቀሳቀሰው ብረቱ ነው፣ ከኋላው እየተከተለ የሚሸፍነው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከቀደመህ አምፔሩ አንሷል ወይም ኤሌክትሮዱን ቀጥ አድርገህ ይዘኸዋል። ወደ ምትሄድበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብለው።

ጥሩ መሆኑን በመልኩ አትፍረድ። ሁለት ቁራጭ በቲ ቅርጽ አቁመህ በአንድ ጎን ብቻ በይድ፣ ሞርሳ ላይ አስረህ ወደ ብየዳው በኩል በመዶሻ እስኪሰበር ምታው። ሥሩ ድረስ ከቀለጠ ስብራቱ ላይ ይታያል። ካልቀለጠ የቁራጩ ንጹሕ ጠርዝ፣ መጋዝ ወይም ዲስክ የቆረጠው መስመር ሳይቀር፣ እንዳለ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። አምሮ የተሰበረ ብየዳ አስቀያሚ ሆኖ ከማይሰበረው ያነሰ ነው፣ ደንበኛ ባያውቅም አንተ ታውቃለህ።

ሴት ነኝ፣ ብየዳ መማር እፈልጋለሁ። ጉልበት አይጠይቅም?

መበየዱ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው የረጋ እጅና ትዕግሥት ነው። ከባድ ብረት ማንሳት ይጠይቃል፣ እሱን ደግሞ ወንዱም ብቻውን ባያነሳው ይሻለው ነበር፣ ወገቡን የሚያመው በያጅ ብዙ ነው። አንቺ የምትቸገሪው ልክሽ የሆነ ጓንትና ቱታ በማግኘት ይሆናል፤ ሰፊ ጓንት ኤሌክትሮዱን አያስይዝም። ናይለን ያለበት ልብስና ሻሽ ግን አይሆንም፣ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ልበሺ።

ቴክኒክና ሙያ ልግባ ወይስ ብየዳ ቤት ልቀጠር? ውጭ አገርስ ወረቀቱ ይሠራል?

ከቻልክ ሁለቱንም። ብየዳ ቤት ፍጥነትና ደንበኛ አያያዝ ትማራለህ፤ ሥዕል ማንበብ፣ የብረት ዓይነትና ደህንነት ግን እዚያ የሚያስተምርህ ላታገኝ ትችላለህ። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ፣ እንጦጦና ጄኔራል ዊንጌት አሉ፣ በየክልሉም ፖሊ ቴክኒኮች አሉ። በልምድ የሠራህ ከሆንክም ሲኦሲ ተፈትነህ የብቃት ማረጋገጫ መውሰድ ትችላለህ። ጨረታ ላይ ለመሳተፍ፣ ድርጅት ለመቀጠር ወረቀቱ ዋጋ አለው።

ወደ ገልፍ ወይም አሜሪካ ካሰብክ ግን ሲኦሲው በር ሊያንኳኳልህ ይችላል እንጂ አያስገባህም። እዚያ ቆመህ ትፈተናለህ። 3ጂ ማለት ላሜራው ቆሞ፣ 4ጂ ማለት ከራስህ በላይ፣ 6ጂ ማለት ደግሞ ቱቦው በ45 ዲግሪ ተዘንብሎ ታስሮ፣ ሳይነቃነቅ፣ ዙሪያውን መበየድ ነው። ደህና ክፍያ ያለው ነዳጅና ጋዝ ላይ ያለው ሥራ 6ጂ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተለማመደ እጅ እዚያ ይወድቃል፤ ከአሁኑ ብረቱን ግድግዳ ላይ እያቆምክ ከታች ወደ ላይ በ7018 ተለማመድ።

በአሜሪካው የሕንፃ ብረት ብየዳ ደንብ መሠረት በተፈተንክበት የብየዳ ዓይነት ከ6 ወር በላይ ካልሠራህ ብቃትህ ይቋረጣል። አሠሪህ መሥራትህን የሚያረጋግጥ ወረቀት እየፈረመ እንዲሰጥህ ጠይቅ፣ አታፍር፣ እዚያ የተለመደ ነው። ከአገር ስትወጣም የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ላይ "ብረት ሠራተኛ" ብቻ እንዳይባል፤ ምን ዓይነት ብየዳ፣ ምን ውፍረት፣ ምን ቦታ ላይ እንደሠራህ ይጻፍ፣ ስምህም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።